ቤዛ ትሂድ ወይስ ትቅር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን እየጻፍኩ ነው። 15 ገጽ ነው። ታሪኩ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ስለምትኖር የ21 ዓመት ልጅ ነው። ስሟ ቤዛ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። በኮንትራት ሳዑዲ ለመሄድ ታስባለች። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ “ታስባለች እንጂ ምንም አታደርግም” ይሉኛል። ሐሳቧን ከጀርባ በድምፅ ባስገባውስ? መጨረሻውም አስቸግሮኛል። ሁለት ዓይነት ጽፌያለሁ። በአንዱ ትሄዳለች፣ በሌላው ፓስፖርቷን ቀዳ ትቀራለች። የትኛው ይሻላል? ጽሑፉን አያይዤልዎታለሁ።»

ሰላም እህቴ። ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቀጥታ ልመልስልሽ፤ ከሁለቱ መጨረሻዎች አንዱንም አልመርጥልሽም። ችግሩ ያለው ገጽ 9 ላይ ነው። ፊልምሽም ያለው እዚያው ገጽ 9 ላይ ነው። አንቺ ግን በአራት መስመር አለፍሽው።

ትዕይንቱን ጽሑፉን ላላዩ ሰዎችም ልንገራቸው። እናትየው ማታ ወደ ቤት ትገባለች። ከጉያዋ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ብር ታወጣለች። «እቁቡ ደረሰኝ። ለፓስፖርትሽም ለሜዲካልሽም ይሆናል» ትላለች። ቤዛ «እሺ» ትላለች። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥታ አውሮፕላን ሲያልፍ ታያለች። ሙዚቃ ይገባል።

«እሺ» ያለችበት ቦታ ላይ ቁሚ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መሄድ የቤዛ ሐሳብ ነበር። ብትፈልግ ታነሳዋለች፣ ብትፈልግ ትተወዋለች። ብሩ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ ግን የቤት ጉዳይ ሆነ። እናትየው «ትሄጃለሽ ወይ?» ብላ አልጠየቀችም። ቤዛም «እሄዳለሁ ያለሽ ማነው?» አላለችም። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተስማሙ። ይህን ሳነብ ደረቴን ከበደኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ቤት እንዲህ ነው።

ፊልሞቻችን ስደትን ሲነኩ አንድ ልጅ ብቻውን መስኮት ላይ ተቀምጦ ሲተክዝ ያሳያሉ። በእኛ ሠፈር ግን መሄድን ማንም ብቻውን አያስበውም። ቤት ሙሉ ነው የሚያስበው። አንዱ ብር ያፈላልጋል። አንዱ ደህና ኤጀንሲ ያጠያይቃል። ጎረቤት «ሻንጣ እኔ ጋ አለ፣ እንዳትገዙ» ትላለች። ልጅቷ ገና ልቧ ሳይቆርጥ ሰው ሁሉ ቆርጦላታል። ያነበቡልሽ ሰዎች «ምንም አታደርግም» ያሉሽ ትክክል ናቸው። መፍትሔው ግን ቤዛን ማሯሯጥ አይደለም። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ለእሷ ብለው የሚያደርጉትን አሳዪን። እሷ የምታደርገው ለዚያ የሚሰጥ መልስ ይሆናል።

እቁቡን እንጀምር። አንቺ እቁቡን የብር ምንጭ አድርገሽ ብቻ ነው ያየሽው። አሠራሩ ውስጥ ግን ድራማው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እቁቡ 50 ሰው ያለበት፣ በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት ነው እንበል። አንድ ዕጣ 50,000 ብር ይሆናል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ያጠራቀመውን ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ላይ የሚወስደው ሰው ግን ባለዕዳ ነው። ለዚህ ነው ዳኛው ዋስ የሚጠይቀው። እናትየው ብሩን በ8ኛው ሳምንት ወስዳ ከሆነ ገና 42 ሳምንት ይቀራታል። 42,000 ብር ማለት ነው።

አሁን ይህን ከቤዛ ደሞዝ ጋር አስተያዪው። በጽሑፍሽ ውስጥ በወር 4,500 ብር ይደርሳታል። የእቁቡ መዋጮ በወር ከ4,000 ብር በላይ ነው። እናትየው እንጀራ ጋግራ ሸጣ ቤቱን ትይዛለች። ስለዚህ ቤዛ ብትቀር ደሞዟ በሙሉ እቁብ ነው። እናትየው ብሩን በተቀበለችበት ምሽት የመቅረት ዋጋ ጨመረ። ማንም ክፉ ነገር አላደረገም። እናት ልጇን ለመርዳት የምትችለውን ሁሉ አደረገች፤ ያው እርዳታዋ በሩን ዘጋው። የፊልምሽ ሕመም ይሄ ነው። ደላላውን ክፉ፣ እናትየውን ስግብግብ ማድረግ አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እናትየው እስካሁን የ200 ብር እቁብ ነበር የምትጥለው እንበል። ዘንድሮ ግን የ1,000 ብሩ ውስጥ ገባች። ለምን እንደገባች ቤት ውስጥ ማንም አልጠየቃትም። ዕጣው ደግሞ ለእሷ አልወጣም። የወጣው ለእትዬ አልማዝ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላሉት። እናትየው እቁብተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ለመነቻቸው። ዕጣ ሲለመን ምክንያት ይነገራል። «ልጄን ልልካት ነው» አለች። እትዬ አልማዝ ለቀቁላት።

ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታያለሽ? ብሎኩ በሙሉ ከቤዛ በፊት ሰማ።

ስለዚህ የፊልሙን መጀመሪያ ቀይሪው። በረንዳውንና አውሮፕላኑን ተዪ። የውሃ ፈረቃ ቀን ይሁን። ቤዛ ከፋብሪካው ሰርቪስ ወርዳ፣ ሁለት ጀሪካን ሞልታ ወደ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። በእነዚህ ብሎኮች ሊፍት የለም፤ የወጣ ሰው ደረጃው ላይ ሁሉንም ጎረቤት ማግኘቱ አይቀርም። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ «እንኳን ደስ አለሽ ቤዚ» ትላታለች። ቤዛ ፈገግ ብላ ታልፋለች፤ ለምን እንደተባለች አልገባትም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ልጅ ጀሪካኑን ይቀበላትና «ስትመጪ ስልክ ታመጪልኛለሽ አይደል?» ይላታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ አልማዝ በራቸውን ከፍተው ያይዋታል፣ ምንም አይሉም። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ተመልካቹም እሷም አንድ ነገር እንዳለ አውቀዋል። ማታ እናትየው ፌስታሉን ስታወጣ «እቁብ ደረሰኝ» ማለት እንኳ አያስፈልጋትም። ገጽ 9 ላይ የነበረው ነገር ገጽ 3 ላይ ደረሰልሽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ቤዛ በዚያ ብር ምን ታደርጋለች የሚለው ነው።

ከጀርባ የሚገባው ድምፅ ይቅርብሽ። ሐሳብ አይቀረጽም፤ የሚቀረጸው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። በጽሑፍሽ ውስጥ ቤዛ ጅዳ ያለችውን ጓደኛዋን ሃናን በስልክ ታወራለች፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። እሱን በቮይስ ቀይሪው። ሁሉም ሰው በቴሌግራምና በኢሞ የሚያደርገው ነገር ነው። ቤዛ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ቮይስ ትቀዳለች። «ሃኒ፣ እየመጣሁልሽ ነው!» ትላለች በደስታ። ታጠፋዋለች። እንደገና ትቀዳለች። «ሃኒ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነው ግን?» ይህንንም ታጠፋዋለች። ሦስተኛው ላይ «እንዴት ነሽ? ሰላም ነሽ? እኛ ደህና ነን» ትልና ትልካለች። ልቧ ውስጥ ያለውን በሙሉ ሰማን። አንድም መስመር የሐሳብ ድምፅ አላስፈለገንም። ሃናም ወዲያው አትመልስም፤ ማዳሟ ስልክ የምትሰጣት በተወሰነ ሰዓት ነው። ያንን መናገር አይጠበቅብሽም። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ይገባናል።

አሁን ልታርሚው የሚገባ አንድ የእውነታ ስህተት አለ። ገጽ 6 ላይ ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ለቪዛና ለትኬት 60 ሺህ ታመጫለሽ» ይላታል። በሌላ በኩል ቤዛ በሕጋዊ መንገድ እንደምትሄድ ጽፈሻል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ቪዛውና የጉዞ ትኬቱ የአሠሪው ወጪ ናቸው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርቷን፣ የሕክምና ምርመራዋን፣ የክትባቷን፣ የልደት የምስክር ወረቀቷን፣ የብቃት ማረጋገጫዋን ማለትም የሲኦሲዋን እና የመሳሰሉትን ነው። ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሰውየው 60 ሺህ ከጠየቀ እያጭበረበራት ነው፣ ወይም መንገዱ ሕጋዊ አይደለም። ፊልሙ ይህን ማወቁን ማሳየት አለበት። ይህን ፊልም የሚያዩ ልጆች ነገ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ናቸው። «60 ሺህ» የሚለውን ከስክሪን ሰምተው እንደ ተራ ክፍያ ቢቀበሉት እኔና አንቺ ተጠያቂ ነን።

የእኔ ምክር ሰውየውን ማውጣት ነው። ሕጋዊውን መንገድ ያዢ። ሕጋዊ ስለሆነ ድራማው አይቀንስም። እንዲያውም ይከብዳል፤ ጥፋቱን የምትጥዪበት ክፉ ሰው የለማ። እቁቡም ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ሕጋዊው ወጪ 50 ሺህ እንደማይደርስ ካወቅሽ አዲስ ጥያቄ ይመጣል። እናትየው ለምን ይህን ያህል ፈለገች? የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረባት? የቤዛን ታናሽ ወንድም የናቲን የትምህርት ቤት ክፍያ? የቤዛ መሄድ ገና ሳይጀመር ብሩ ለሌላ ነገር መዋል ጀምሯል። አንድ ትንሽ ትዕይንት ይበቃዋል፤ ቤዛ ፌስታሉን ስትቆጥረው ጎድሎ ታገኘዋለች።

ናቲ ሂሳብ የሚሠራበትን ትዕይንት ወድጄዋለሁ። አይቀነስ። ልጁ ስልኩን ከፍቶ የሳዑዲውን ደሞዝ፣ 1,000 ሪያልን፣ ወደ ብር ሲቀይር ዓይኑ የሚበራው ነገር እውነት ነው። ቁጥሩን ግን አስተካክይ። ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 3.75 ሪያል 1 ዶላር ነው። 1,000 ሪያል ስለዚህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። አንቺ 15 ሺህ ብር ብለሻል። ያ ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረ ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ዶላር በ120 ብር ቢታሰብ እንኳ ያው ደሞዝ 32 ሺህ ብር ይሆናል። ሪያሏ አልጨመረችም፤ ብሩ ነው የወረደው። ቤዛ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምታገኘው 4,500 ግን እዚያው ነው። ይህን ለተመልካች ማስረዳት አያስፈልግሽም። ናቲ የድሮውን ሂሳብ በደብተሩ ጀርባ ጽፎት ይሁን፤ አዲሱን ከሥሩ ይጻፈው። ካሜራው ሁለቱን ቁጥሮች ያሳየን።

በመሃል ደግሞ የቤት ሠራተኝነት ሥልጠናውንም የሜዲካሉንም ትዕይንት አስገብተሻል። ለአጭር ፊልም ሁለቱም አይገቡም። ሥልጠናው በጣም የሚስብ ነገር አለው፤ ቤቷ የሌለ ማሽን ላይ የምትፈተን ልጅ። ቢሆንም እኔ ብሆን ሜዲካሉን እመርጣለሁ። ሜዲካል ውጤት አለው። «ፊት» (ጤናዋ ብቁ ነው) ወይም «አንፊት» (ብቁ አይደለም) ነው። አንፊት የተባለች ልጅ አትሄድም፤ ማንም አይቆጣትም። ቤዛ ያን ወረቀት ስትጠብቅ አስቢያት። ከጎኗ የተቀመጡት ልጆች «አምላኬ፣ ፊት አድርገኝ» እያሉ ነው። ቤዛ ግን አንፊት ቢላት አትጠላም። እምቢ ሳትል መቅረት የምትችልበት ብቸኛው መንገድ ይሄ ነው። ወረቀቱ ይመጣል። ፊት ነው። ሌሎቹ ያቅፏታል። ፊቷን ብቻ ቅረጪ። እዚህ ላይ ተዋናይቷ ማልቀስ የለባትም። እንዲያውም ፈገግ ትበል፤ እንኳን ደስ አለሽ ሲባል ሰው ፈገግ ይላልና።

ከጅዳ የተመለሰችው ጎረቤት ዘሀራ ላይ እንወያይ። አሁን በጻፍሽው ዘሀራ መከራዋን በረጅሙ ትተርካለች፣ ታለቅሳለች፣ «አትሂጂ» ትላለች። ስሜትሽ ይገባኛል። ግን ከዚያ የተመለሱ ብዙ ሴቶች እንዲህ አያወሩም። ደህናውን ያወራሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። ዘሀራ ሥራ ያስተምራት። «የእናትሽን ስልክ ቁጥር በቃልሽ ንገሪኝ» ትበላት። ቤዛ ስልኳን ልታወጣ ትላለች። «ስልኩን ተዪው። በቃልሽ።» ቤዛ ሦስት አኃዝ ላይ ትሳሳታለች። «እንደገና» ትላለች ዘሀራ። ቡና እያፈሉ ነው። ቤዛ ቁጥሩን እስክትይዘው ድረስ ዘሀራ አትለቃትም። ስልክ የሚቀማበት ቤት እንዳለ፣ ዘሀራም እዚያ ቤት እንደነበረች ሁሉም ተመልካች ይገባዋል። ለሴትዮዋም ክብር ነው። በተለይ ታሪኩን ከምታውቂያት ሰው ወስደሽው ከሆነ ይህን ልብ በይ። ፈቃዷን ጠይቂ፤ አገሩንም ሥራውንም ለውጪው፤ በምንም መንገድ ራሷን ካሜራ ፊት አቁመሽ ያለፈችበትን እንድትደግመው አታድርጊ።

የቃለ ተውኔትሽ ነገርም አለ። ቤዛና እናቷ እንደ ሬዲዮ ድራማ ነው የሚያወሩት። «እማ፣ ይህ ሕይወት ከብዶኛል፤ ለእናንተ ስል ራሴን መሥዋዕት አደርጋለሁ» የምትል የቱሉ ዲምቱ ልጅ አላውቅም። እናትና ልጅ ትልቁን ነገር የሚያወሩት በትንሹ ነገር ሥር ነው። የፌስታሉን ምሽት እኔ ብጽፈው እንዲህ እሞክረው ነበር፦

«ማነው የለቀቀልሽ?»
«አልማዝ።»
«ምን ብለሻት?»
«እንጀራው ይደርቃል፣ ብዪ።»
«እማ፣ ምን ብለሻት?»
«ምን እላታለሁ? የሚባለውን አልኳት።»

«የሚባለውን አልኳት» ውስጥ ሁሉም አለ። እናትየው አፍራለች፣ ኮርታለች፣ ፈርታለች። ይህንን እንዳለ ውሰጂ አልልሽም። የእናትሽንና የአክስቶችሽን አነጋገር አዳምጪ፤ ከእኔ የተሻለ ታገኛለሽ።

አሁን ወደ መጨረሻው። ፓስፖርት መቅደድ አይሆንም። ብዙ ወረፋ ተጠብቆ፣ ብር ወጥቶበት የተገኘን ፓስፖርት የሚቀድ ሰው የለም፤ የሚቀደው ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። ኤርፖርቱም አይሆንም። እንባ ያለበት የኤርፖርት ትዕይንት ማንንም ያስለቅሳል፤ ስለ ቤዛ ግን አዲስ ነገር አይነግረንም። ዝም ብሎ ጥቁር ስክሪን አድርጎ «ተመልካቹ ይፍረድ» ማለትም መልስ አይደለም። ክፍት መጨረሻ ማለት ጸሐፊው የማያውቀው መጨረሻ ማለት አይደለም።

ቤዛ አንድ ነገር ማድረግ አለባት፤ ያም ነገር ዋጋ ማስከፈል አለበት። ብሩን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ትውረድ። የጎደለውን ከራሷ ደሞዝ ሞልታዋለች። እትዬ አልማዝን «ዕጣዎትን ልመልስልዎት ነው» ትበላቸው። ይህ በኮንዶሚኒየም ሕይወት ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። እናቷን በጎረቤት ፊት ማሳጣት ነው። እትዬ አልማዝ አይቀበሏትም። «እኔ ለእናትሽ ነው የሰጠሁት። ከእናትሽ ጋር ጨርሺ» ይሏታል። ክፋት የላቸውም፤ ሥርዓቱ ያ ነው። ቤዛ ተመልሳ ትወጣለች። እናትየው በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። በፊልሙ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ይነጋገራሉ። እናትየው «አንቺስ? የምትፈልጊው ምንድነው?» ትላለች። ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልጠየቃትም።

ቤዛም ትመልስ። እዚህ ላይ ካሜራውን እንዳታጠፊ። ለእኔ የሚሰማኝ መልስ ይህ ነው፦ «መሄድማ እፈልጋለሁ። በዚህ ብር ግን አልሄድም።» መሄድ መፈለጓ የራሷ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ወጣት ልጅ አገር ማየት፣ ደህና ብር መያዝ፣ ራሷን ችላ መኖር ብትፈልግ ነውር የለውም። የሚያስፈራው መመለስ በማትችልበት ዕዳ ታስራ መሄዷ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ክፉ ቤት ቢገጥመው ጥሎ መውጣት አይችልም። አንቺ የተለየ መልስ ካለሽ ያንቺን ጻፊ። ብቻ መልሱን እወቂው።

አንድ ፊልም ብቻ ልጥቀስልሽ፣ ለዚህ ነገር ስለሚጠቅም። የሴኔጋላዊው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ነው። ሞሪና አንታ የሚባሉ ወጣቶች ከዳካር ፓሪስ ለመሄድ ፊልሙን ሙሉ ብር ሲያሳድዱ ይቆያሉ። መርከቡ ጋ ሲደርሱ ሞሪ ዞሮ ይሮጣል፤ አንታ ትሄዳለች። ማን ትክክል እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም። ግን አንዱም ግራ አያጋባንም፤ ሁለቱም ያደረጉትን አይተናልና። ፈልገሽ እዪው፤ በተለይ ሞሪ ከመርከቡ የሚመለስበትን።

ናቲ በእግር በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ በኩል ስለመሄድ ከጓደኛው ጋር የሚያወራበትን ሁለት ገጽ አውጪው። በጅቡቲና በየመን የሚያልፈው መንገድ ራሱን የቻለ ፊልም ነው፤ እዚህ በጥድፊያ አይነካም።

ቀረጻውን በተመለከተ ጥቂት ነገር። ቱሉ ዲምቱን እንደ ድህነት ጀርባ አትጠቀሚባት። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቤዛ በየቀኑ ሰርቪስ ስትጠብቅ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን መኪና ሁሉ ታያለች። አውሮፕላኑን ለምን ተዪ እንዳልኩሽ ይገባሻል፤ መሄድ ለእሷ ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም። ደጇ ላይ የሚያልፍ ነው። ጭነት መኪናዎቹ በንግግሩ ሥር ይሰሙ።

ከአካባቢው ጋር የሚመጣ ችግርም አለ። የእኛ የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ ነው። ስልክሽ ወይም ካሜራሽ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ከተቀመጠ ማታ ቤት ውስጥ አምፖሉ ይርገበገብብሻል። 25 ፍሬም አድርጊው፣ ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን እንዲያም ተደርጎ ሊረብሽ ስለሚችል ከቀረጻው በፊት ሞክረሽ ጥሩውን ምረጪ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናትና የተዋናይቷ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ የውጪውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጊው። ምሽት ላይ ደግሞ አትዘናጊ። እኛ ጋ ፀሐይ ከጠለቀች በ20 ደቂቃ አካባቢ ይጨልማል።

ደረጃው የፊልምሽ ዋና ቦታ ስለሆነ ድምፁ ላይ ልፊ። ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ያስተጋባል። ከካሜራው ጀርባ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ማይኩ ከተዋናይቷ አፍ አይራቅ። ንግግር ከተቀረጸ በኋላ ማንም ሳይናገር የደረጃውን ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅጂ፤ ኤዲተርሽ ያመሰግንሻል። በክረምት ከሆነ የምትቀርጪው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ቆርቆሮው ሥር ዝናብ ሲመታ ንግግር አይሰማም። የእናትና ልጁን ትዕይንት ለምድር ቤት ክፍል አዙሪው፤ ካሜራው ልዩነቱን አያውቀውም።

ፈቃድ ላይ አንድ የዳር ከተማ ነገር አለ። ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው። ኮዬ ፈጬና ገላን ግን በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፣ ኦሮሚያ ክልል። የአዲስ አበባ ደብዳቤ ይዘሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትርቂ ደብዳቤሽ አይሠራም። የሰርቪሱን ትዕይንት የት እንደምትቀርጪ አስቀድመሽ ወስኚና የትኛው ወረዳ እንደሆነ ጠይቂ። የብሎኩን ኮሚቴም አትርሺ። ደረጃው የሁሉም ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካወቁልሽ ማንም አያስቸግርሽም።

15 ገጹ ወደ 11 ቢወርድ አትዘኝ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለውን ልማድ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አትመኚው፤ ጮክ ብለሽ እያነበብሽ በሰዓት ለኪው። ሥራውን ግን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪ። መጀመሪያ የፌስታሉን ምሽት ጻፊ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን። ሁለቱ ከቆሙልሽ የቀረውን በእነሱ ልክ ታወጪዋለሽ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።